ቃሉና ምሥጢሩ፤ የቅዱሳት መጻሕፍትን ምሳሌያዊ አነጋገር ስለ ማስተዋል

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።



በሐዋርያት ሥራ በምዕራፍ 8 የተጻፈውን የአገራችንን ሰው ታሪክ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። የንግሥት ህንደኬ ጃንደረባና የገንዘብዋ ሁሉ አዛዥ የነበረው ኢትዮጵያዊ በኢየሩሳሌም ሰግዶ ሲመለስ፥ ወደ ጋዛ በሚወስደው መንገድ በሠረገላው ላይ ተቀምጦ የነቢዩን የኢሳይያስን መጽሐፍ ያነብ ነበር። ቅዱስ ፊልጶስም በመንፈስ ቅዱስ ታዝዞ ወደ ሠረገላው ቀረበና፥ የሚያነበው ነገር ይገባው እንደ ሆነ ጠየቀው። ጃንደረባውም መሪ ሳይኖረው ሊያስተውል እንደማይችል ሳያፍር ተናገረ።

ይህ ሰው ማንበብ አያውቅም ነበርን? ያውቃል። የመንግሥትን ግምጃ ቤት በእጁ የያዘ ሰው ፊደል አልቸገረውም። የቸገረው ሌላ ነው። ያነበው የነበረው ምዕራፍ 53 ወደ መታረድ ስለሚነዳ በግና በሸላቾቹ ፊት ዝም ስለሚል ጠቦት ይናገራል። ጃንደረባው ግን ነቢዩ ይህን የጻፈው የበግ እረኞችን ሥራ ለመተረክ እንዳልሆነ ተረድቶአል። ስለዚህ ስለ በጉ አልጠየቀም፤ በበጉ የተመሰለው ማን እንደ ሆነ ጠየቀ። ቅዱስ ፊልጶስም ከዚያው ቃል ተነሥቶ ወንጌልን ሰበከለት፤ በዚያው መንገድ ላይ ውኃ ባገኙ ጊዜ ተጠመቀ። የምሳሌውን ቃል በትክክል መጠየቁ ወደ ጥምቀት አደረሰው።

እኛ አማርኛ ተናጋሪዎች ለዚህ ዐይነት አነጋገር እንግዶች አይደለንም። አንዲት እናት «ዛሬ ጧት ዳዊት ደገምሁ» ብትል፥ ንጉሡን ዳዊትን ሁለተኛ አደረገችው ብሎ የሚደነግጥ የለም፤ መጽሐፉን ማለትዋ ነው። የተቸገረ ሰው አይቶ «አንጀቴን በላው» የሚለውን ማንም ወደ ሐኪም ቤት አይወስደውም። «ሆደ ሰፊ ነው» የተባለውን ታጋሽ ሰው መቀነቱን የሚለካ አይገኝም። በነገሥታቱ ዘመን «አልጋ ወራሽ» ሲባል የሚወረሰው የመኝታ አልጋ እንዳልሆነ ሕፃን እንኳ ያውቅ ነበር። ጌታችንም በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 16 የባለጠጋው ወንድሞች ሙሴንና ነቢያትን ይሰሙ ዘንድ ሲነገር፥ መጻሕፍታቸውን ማለቱ እንደ ሆነ ዳዊት የሚደግም ሰው ሁሉ ያውቃል።

ታዲያ በቤትና በገበያ ይህን ያህል የምናስተውል ሰዎች መጽሐፍ ቅዱስን በገለጥን ጊዜ ማስተዋላችንን ስለ ምን በደጅ እንተወዋለን? አንዱ ቃሉን ሁሉ እንደ ፊደሉ ብቻ ይወስድና ይሰናከላል። ሌላው ደግሞ የከበደውን ትእዛዝ ሁሉ «ይህ ምሳሌ ነው» እያለ ያልፈዋል። ሁለቱም ነፍስን ይጎዳሉ፤ ለእኔ ግን በዘመናችን የሚበዛው ሁለተኛው ይመስለኛል።

ከአነጋገር ዐይነቶች ሁሉ የሚቀልለው የቋንቋ መምህራን ተነጻጻሪ ዘይቤ የሚሉት ነው። «እንደ» የምትለው ትንሽ ቃል መንገዱን ስለምታሳየን ብዙ አንሳሳትም። በመዝሙር 1 ጻድቅ ሰው በውኃ ዳር በተተከለ ዛፍ ተመስሎአል፤ በመዝሙር 41 የነቢዩ ነፍስ ውኃ በጠማው ዋላ ተመስላለች። ይህን ያነበበ ሰው ጻድቁ ሥር ያወጣ አይመስለውም።

«እንደ» የቀረ እንደ ሆነ ግን ነገሩ ይጠልቃል። ይህም ተለዋጭ ዘይቤ ይባላል። ጌታችን ስለ ራሱ ሲያስተምር በር፥ እረኛ፥ የወይን ግንድ እንደ ሆነ ተናግሮአል፤ ደቀ መዛሙርቱንም በምድር ላይ ያሉ ጨው አድርጎ ጠርቶአቸዋል። ስለ ጨው ካነሣን፥ አያቶቻችን ይህን ቃል ከእኛ ይልቅ አጥብቀው ይሰሙት እንደ ነበር እገምታለሁ። ከአፋር ቈላ እየተጠረበ በግመልና በበቅሎ የሚወጣው አሞሌ ጨው እስከ 20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ድረስ በአገራችን ገበያ እንደ ገንዘብ ሲሠራበት ኖሮአል። ጨው ለእነርሱ የወጥ ማጣፈጫ ብቻ አልነበረም፤ ዋጋም ነበረ። አሞሌውን በመንገድ ዝናብ ያገኘበት ነጋዴ፥ ሀብቱ ዐይኑ እያየ ሲሟሟ ምን እንደሚሰማው ያውቃል። ጨውነቱን ስላጣ ጨው የተነገረውን ተግሣጽ እንዲህ ያለ ሰው በሆዱ ይሰማዋል።

ተለዋጭ ዘይቤ ከሁሉ ይልቅ ጥንቃቄ የሚጠይቀው ስለ እግዚአብሔር ባሕርይ በተነገረ ጊዜ ነው። መጻሕፍት ስለ እግዚአብሔር እጅ፥ ክንድ፥ ዐይንና ጆሮ ይናገራሉ። በመዝሙር 90 ደግሞ ክንፍም ተጽፎለታል። እጅ ስለ ተጻፈ አካሉ እንደ ሰው ነው የሚል ቢኖር፥ ክንፍ ስለ ተጻፈ እንደ ወፍ ነው ሊል ነውን? እጅ ሥልጣኑን፥ ዐይን ዐዋቂነቱን፥ ክንፍ ጠባቂነቱን ያስረዳል። እግዚአብሔር ወልድ ከእመቤታችን ከቅድስት ድንግል ማርያም ሥጋን መንሣቱ ግን ዘይቤ አይደለም፤ በእውነት የተፈጸመ ነው። እነዚህን ሁለቱን ማደባለቅ አይገባም።

በዚህ ነገር የጥንቶቹ መነኮሳት እንኳ ተቸግረው ነበር። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ399 ዓ.ም. የእስክንድርያው ሊቀ ጳጳሳት ቴዎፍሎስ እንደ ልማዱ የፋሲካን ቀን በሚያስታውቅበት መልእክት፥ እግዚአብሔር የሰው መልክ ያለው አካል አለው የሚሉትን ወቀሰ። በግብፅ ገዳማትም ታላቅ ሁከት ተነሣ። በዚያ ዘመን በአስቄጥስ ገዳም የነበረው ዮሐንስ ካስያኖስ እንደ ጻፈው፥ በተጋድሎ የሸመገለ ሰራብዮን የሚባል አንድ አባት እግዚአብሔርን በሰው መልክ በልቡ እየሣለ ሲጸልይ ኖሮ ነበር። ከቀጰዶቅያ የመጣ ፎጢኖስ የሚባል ዲያቆን የመጻሕፍቱን ምሥጢር ባስረዳው ጊዜ አመነ፤ ወንድሞችም ደስ ብሎአቸው ለምስጋና ጸሎት ተነሡ። ሽማግሌው ግን በጸሎቱ መካከል በምድር ላይ ወድቆ መሪር ልቅሶ አለቀሰ። በልቡ የለመደው መልክ ስለ ጠፋበት አምላኩ የተወሰደበት መሰለው፤ ወደ ማን እንደሚጸልይም ጨነቀው።

በዚህ ሽማግሌ የሚስቅ ቢኖር አይሳቅ። ከብዙዎቻችን ይልቅ ይጸልይ ነበርና። ይልቁንስ እኛ የምናስተምር ሰዎች ከዚህ የምንማረው አለን፤ የአንድን ሰው የተሳሳተ ሐሳብ ነቅሎ ባዶውን መተው ማስተማር አይባልም። እጅ ማለት ሥልጣን ነው ብለን በመጽሐፍ ካስረዳን በኋላ፥ ሥልጣኑ በሕይወቱ የደረሰለትን ቀን ደግሞ እንዲያስታውስ ልንረዳው ይገባል።

ወደ ግነት እንለፍ። ግነት ማለት ነገሩን ከመጠኑ አሳድጎ በመናገር ልብን መቀስቀስ ነው። ጌታችን በወንድሙ ዐይን ያለውን ጉድፍ አይቶ በራሱ ዐይን ያለውን ምሰሶ ስለማያይ ሰው፥ ትንኝን አጥልለው ግመልን ስለሚውጡ ፈሪሳውያን፥ በመርፌ ቀዳዳ ስለሚያልፍ ግመልም ተናግሮአል። ስለ ግመሉ ከጥንት ሊቃውንት የመርከብ ገመድ ማለት ነው ያሉ አሉ። በኢየሩሳሌም የመርፌ ቀዳዳ የሚባል ጠባብ በር ነበረ፤ ግመሉም ጭነቱን አራግፎ ተንበርክኮ ያልፍበት ነበር የሚሉም አሉ። ለዚህ በር ግን የጥንት ማስረጃ አልተገኘለትም። ደግሞም በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 19 ደቀ መዛሙርቱ ደንግጠው በጠየቁ ጊዜ፥ ጌታችን ነገሩ በሰው ዘንድ የማይቻል መሆኑን፥ በእግዚአብሔር ዘንድ ግን ሁሉ የሚቻል መሆኑን መለሰላቸው። ግመሉ ተንበርክኮ የሚያልፍ ከሆነ የማይቻል ነገር ወዴት አለ? ጠባቡን በር የፈለሰፉት ሰዎች ለባለጠጎች ያዘኑ ይመስላሉ።

በግነት ከተነገሩት ሁሉ የሚያስፈራው ስለሚያሰናክል ዐይንና እጅ በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 5 የተጻፈው ነው። በቤተ ክርስቲያናችን ታሪኩ የታወቀው ስምዖን ጫማ ሰፊ በ10ኛው መቶ ዓመት በግብፅ የነበረ ድኻ ሰው ነው። አንዲት ሴት ጫማ ልታሠራ መጥታ እግርዋን ባየ ጊዜ ልቡ ተሰናከለ፤ ወዲያውም የወንጌሉን ቃል አስታውሶ በሚሰፋበት ወስፌ ዐይኑን አወጣ። ቤተ ክርስቲያን ስለ ንጽሕና ቅንዓቱ ታከብረዋለች። ነገር ግን ልጆችዋን ዐይናችሁን አውጡ ብላ አላስተማረችም። በ325 ዓ.ም. በኒቅያ የተሰበሰቡት 318 አባቶች በመጀመሪያው ቀኖናቸው፥ ጤነኛ ሳለ ራሱን በፈቃዱ የሰለበ ሰው በክህነት እንዳይኖር ወስነዋል፤ በሕመም ምክንያት ሐኪም የሰለበውን ወይም ጠላት በግፍ የሰለበውን ግን አልከለከሉም። አባቶች አካልን በመቁረጥ ንጽሕና አይገኝም ማለታቸው ነው።

ነገሩ ግልጥ ነው። ቀኝ ዐይን ቢወጣ ግራው ያያል፤ ግራው ቢወጣ ልብ ይመኛል። የሚቆረጠው እንግዲህ ምንድር ነው? እንደ ዐይን የምንሳሳለት፥ እንደ ቀኝ እጅ የምንደገፍበት፥ ነገር ግን ወደ ኀጢአት የሚጎትተን ነገር ሁሉ ነው። ለአንዱ በየማታው ወደ መጠጥ ቤት የሚጠራው የልብ ወዳጁ ነው። ለሌላው በሐሰት ሚዛን የሚገኘው ትርፍ ነው። እዚህ ላይ «እንግዲያስ ምሳሌ ከሆነ ይቀልላል» የሚል ሰው ቢኖር፥ የሃያ ዓመት ወዳጁን ለመተው ወይም ቤቱ የቆመበትን የግፍ ገቢ ለመመለስ አንድ ቀን ይሞክርና ከመቁረጥ የቀለለ ሆኖ ያገኘው እንደ ሆነ ይንገረን።

የስምዖን ታሪክ ገና አላለቀም። በአባ አብርሃም ሶርያዊ ሊቀ ጵጵስና ዘመን፥ ግብፅን የሚገዛው ከሊፋ የሰናፍጭ ቅንጣት ያህል እምነት ተራራን ያፈልሳል የሚለውን የወንጌል ትምህርት ሰምቶ፥ ይህን በሥራ አሳዩ፤ አለዚያ ትጠፋላችሁ ብሎ ክርስቲያኖችን አስጨነቀ። ምእመናን ሦስት ቀን ጾሙ። ሊቀ ጳጳሳቱም በእመቤታችን ትእዛዝ፥ በማለዳ ለድኾችና ለሽማግሌዎች ውኃ ተሸክሞ የሚያድል አንድ ዐይና ሰው ፈልጎ አገኘ፤ ያም ስምዖን ነበር። ሕዝቡ ኪርያላይሶን እያሉ በሰገዱ ጊዜ የሙቀጠም ተራራ ከስፍራው ተነሣ ብሎ ታሪኩ ይተርካል። ሊቃውንት ተራራውን በጽኑ መከራና በአጋንንት ኀይል ሲተረጉሙት ኖረዋል፤ ትርጓሜአቸውም ትክክል ነው። ጠላት ፊደሉን ይዞ በተነሣ ጊዜ ግን እግዚአብሔር በፊደሉም መለሰለት። ስለዚህ አንድ ቃል በምሳሌ ተነገረ ማለት እግዚአብሔር በገሀድ ሊያደርገው አይችልም ማለት አይደለም።

ምጸት የሚባለውም አለ፤ ይህም አንዱን እየተናገሩ ተቃራኒውን ማለት ነው። በመጽሐፈ ነገሥት ቀዳማዊ በምዕራፍ 18 ነቢዩ ኤልያስ የበኣልን ነቢያት፥ ጣዖታቸው በሥራ ተይዞ ወይም ተኝቶ ይሆናልና ድምፃቸውን እንዲያሰሙ መከራቸው። ምጸትን የማያውቅ ሰው ኤልያስ በኣል መኖሩን አመነ ሊል ነው።

ሰውኛ ዘይቤ ደግሞ ነፍስ የሌለውን ወይም ረቂቁን ነገር እንደ ሰው ማናገር ነው። ተራሮች ይዘልላሉ፥ ዛፎች ያጨበጭባሉ፤ በመጽሐፈ ምሳሌ ደግሞ ጥበብ ቤት ትሠራለች፥ ማዕድ ታሰናዳለች፥ እንግዶችንም ትጠራለች። ይህ ቀላል ነገር ይመስላል። ነገር ግን ቤተ ክርስቲያንን ካናወጡት ክርክሮች አንዱ ከዚሁ መጽሐፍ ወጥቶአል። አርዮስና ተከታዮቹ ስለ ጥበብ መፈጠር በምሳሌ ምዕራፍ 8 የተነገረውን ይዘው፥ ወልድ ፍጡር ነው እያሉ ይከራከሩበት ነበር። ቅዱስ አትናቴዎስም መጽሐፉ በስሙ ምሳሌ መባሉን አስታወሳቸው፤ በምሳሌ የተነገረው እንደ ግልጥ ነገር ሊወሰድ አይገባም፥ ምሥጢሩ ሊመረመር ይገባል፤ ይህም ቃል ወልድ ስለ እኛ ሲል ስለ ተዋሐደው ሥጋ የተነገረ ነው ብሎ አስረዳ። ለአገራችን የመጀመሪያውን ጳጳስ አባ ሰላማን የሾመልን ይኸው አትናቴዎስ ነው። አንድን የአነጋገር ዐይነት አለማስተዋል የጌታን አምላክነት እስከ መካድ ካደረሰ፥ ይህ ትምህርት ለተማሪ ቤት ብቻ የሚተው አይደለም።

የኢትዮጵያ ሊቃውንት ለዚህ ሁሉ ያቆዩልን መሣሪያ «አንድም» ይባላል። የኔታ በመጻሕፍት ቤት አንዱን ቃል ከተረጐሙ በኋላ «አንድም» ብለው ሁለተኛውን፥ ከዚያም ሦስተኛውን ይጨምራሉ፤ ቃሉ አንድ ሲሆን ምሥጢሩ እንደ ምንጭ ይወርዳል። በቅኔ ቤትም ተማሪው ሰምና ወርቅ መለየትን ይማራል። ስሙ ከአንጥረኛ ሥራ የመጣ ነው፤ አንጥረኛው የሚሻውን ጌጥ በሰም ይቀርጻል፥ በጭቃ ይሸፍነዋል፥ ሰሙን በእሳት አቅልጦ ያወጣና በስፍራው ወርቁን ያፈስሳል።

ነገር ግን አንድ ልዩነት አለ። ቅኔ ሰሙን ያቀልጠዋል፤ መጽሐፍ ቅዱስ ግን በብዙ ስፍራ ሰሙንም ወርቁንም ይጠብቃል። ሙሴ በሲና ያየው ሐመልማል በእውነት ነድዶአል፥ በእውነትም አልተቃጠለም፤ ደግሞም መለኮትን በማኅፀንዋ ተሸክማ ያልተቃጠለችው የእመቤታችን ምሳሌ ነው። ሙሴ በምድረ በዳ የሰቀለው የናስ እባብ በእውነት ተሰቅሎአል፥ ያዩትም ድነዋል፤ ደግሞም የመስቀሉ ምሳሌ መሆኑን ጌታችን ራሱ ለኒቆዲሞስ ነግሮታል። እንዲህ ያለውን ምሳሌ «ምሳሌ ነውና አልተደረገም» የሚል ሰው ሰሙን ብቻ ሳይሆን ወርቁንም ይጥላል።

እንግዲህ ብዙዎች የሚጠይቁት ጥያቄ ይቀራል። ጌታችን በር መባሉ ዘይቤ ከሆነ፥ ስለ ሥጋውና ስለ ደሙ የተናገረውስ ዘይቤ አይደለምን? ለዚህ መልሱን ከወንጌሉ ከራሱ እናገኛለን። ኒቆዲሞስ ዳግመኛ መወለድን ወደ እናት ማኅፀን መመለስ በመሰለው ጊዜ፥ ጌታችን ከውኃና ከመንፈስ መሆኑን አስረዳው። ደቀ መዛሙርቱ ስለ ፈሪሳውያን እርሾ ሲነግራቸው እንጀራ ስላልያዙ መሰላቸው፤ ትምህርታቸውን ማለቱ እንደ ሆነ ገለጠላቸው። ስለ አልዓዛር መተኛት በተናገረ ጊዜ እንቅልፍ መሰላቸው፤ መሞቱን በግልጥ ነገራቸው። ዘይቤውን ባላስተዋሉ ጊዜ እንዲህ እያቀና ያስተምር ነበር።

በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 6 ግን ስለ ሥጋውና ስለ ደሙ ባስተማረ ጊዜ አይሁድ ተከራከሩ፤ ከደቀ መዛሙርቱም ብዙዎች ነገሩ ከብዶአቸው ወደ ኋላቸው ተመለሱ። እነርሱ ሲሄዱ እያየ «በምሳሌ ተናገርሁ» ብሎ አልጠራቸውም። ነገሩን ደጋግሞ አጸናው፤ ለዐሥራ ሁለቱም እነርሱስ ሊሄዱ ይወዱ እንደ ሆነ ጠየቃቸው። ነፍሳትን ሊፈልግ የመጣ እረኛ፥ በአንድ ቃል ማብራሪያ ሊመልሳቸው ሲችል ስለ ምን ተዋቸው? የሚያብራራው ዘይቤ ስላልነበረ ነው። ስለዚህ በቅዳሴ ጊዜ ወደ ቅዱስ ቍርባን የምንቀርበው ወደ ምሳሌ አይደለም፤ ወደ አማናዊው ሥጋና ደም ነው።

የመጨረሻው የነቢዩ ናታን ነገር ነው። በሳሙኤል ካልዕ በምዕራፍ 12 እንደ ተጻፈ፥ ዳዊት የኦርዮንን ሚስት ወስዶ ኦርዮንን በጦር ግንባር ካስገደለ በኋላ ናታን ወደ እርሱ መጣ። ስለ ኦርዮን አንዳች አልተናገረም። ስለ ሁለት ሰዎች ነገረው፤ ብዙ መንጋ ስላለው ባለጠጋ፥ አንዲትም ጠቦት ስላለችው ድኻ። ድኻው ጠቦቲቱን ከልጆቹ ጋራ አሳድጎአት ነበር፤ ከእንጀራው ትበላ፥ በጕያው ትተኛ ነበር። ለባለጠጋው እንግዳ በመጣበት ጊዜ ግን ከራሱ መንጋ ሳስቶ የድኻውን ጠቦት አረደ።

ዳዊት እረኛ ሆኖ ያደገ ሰው ነው። ስለ ጠቦት ሲነገረው ልቡ ይነካል፤ ናታንም ይህን ሳያውቅ አልቀረም። ንጉሡ ተቈጣ፥ በሰውዬው ላይም በራሱ አንደበት የሞት ፍርድ ፈረደ። ነቢዩ «ስለ ኀጢአትህ መጥቻለሁ» ብሎ ቢጀምር ኖሮ፥ ንጉሡ የሚመልሰው ሰበብ ምናልባት አያጣም ነበር፤ በጦርነት ሰው ይሞታል ይላል፤ ደግሞም ንጉሥ ነው። ምሳሌው ግን በሰበቡ ሁሉ ሥር አልፎ ገባ። ያን ጊዜ ናታን ያ ሰው ራሱ ንጉሡ መሆኑን ነገረው።

ዳዊት በዚያች ሰዓት የሚሸሽበት መንገድ ነበረው። ጠቦትም አልነበረም፥ ባለጠጋም አልነበረም፤ የተነገረኝ ተረት ነው ሊል ይችል ነበር። አላለም። እግዚአብሔርን መበደሉን ተናገረ። እኛ በጧትና በማታ የምንደግመው 50ኛው መዝሙር፥ በአርእስቱ እንደ ተጻፈው፥ ናታን ወደ እርሱ በመጣ ጊዜ የተናገረው ነው።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።